ጽኑ ሄሞፊሊያ በሕፃናት ላይ የሚያስከትላቸው ብርቅ መዘዞች፤ ከአራዳ የሕክምና ታሪክ ጋር ተገናዝበው ሲታዩ

በሕክምና መጻሕፍት «ብርቅ» ተብሎ የሚጻፍ መዘዝ ሁሉ ብርቅ የሆነበት ምክንያት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በእርግጥ በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ስለሚደርስ ነው። ሌላው ደግሞ ሕመምተኛው ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ፣ ቢደርስም ሕመሙ ስሙን ሳያገኝ ስለሚሞት በመዝገብ አይሰፍርም። ጽኑ ሄሞፊሊያ በሕፃናት ላይ የሚያስከትላቸው መዘዞች በአገራችን ሁኔታ ሲመረመሩ ከሁለተኛው ወገን የሚመደቡት ብዙ ናቸው። ይህን ለመረዳት የአዲስ አበባን የጥንት እምብርት፣ አራዳንና ፒያሳን፣ መነሻ አድርጎ ማየት ይጠቅማል። የዋና ከተማዪቱ ዘመናዊ ሕክምና፣ ማለትም ሆስፒታሉና መድኃኒት ቤቱ፣ የበቀለው በዚያና በአካባቢው ነው፤ የሕክምና ትምህርቱና የደም ባንኩ ደግሞ እጅግ ዘግይተው ተከትለዋል። እያንዳንዳቸው የመጡት ተራ በተራ፣ በመካከላቸው አሥርተ ዓመታት እየተቈጠሩ ነው። ደሙ የማይረጋለት ሕፃን ግን ሁሉንም የሚፈልጋቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ የተሰጡት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

እንደሚታወቀው ሄሞፊሊያ ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ፕሮቲኖች አንዱ በመጉደሉ የሚመጣ የዘር ሕመም ነው። ፋክተር 8 ሲጐድል ሄሞፊሊያ ኤ፣ ፋክተር 9 ሲጐድል ሄሞፊሊያ ቢ ይባላል። የሁለቱም ዘረ መል በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ እናቶች ይሸከሙታል፤ በአብዛኛው የሚታመሙት ግን ወንዶች ልጆች ናቸው። ሆኖም ከታማሚዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በቤተ ሰባቸው ከዚህ በፊት የታመመ ሰው ያልታወቀባቸው በመሆናቸው፣ «በዘራችን የለም» የሚለው የእናት መልስ ሕመሙን ለመሻር አይበቃም። የፋክተሩ መጠን ከመደበኛው ከመቶ 1 በታች ሲሆን ሕመሙ ጽኑ ይባላል፤ ደም ያለ ምንም ጉልህ ጉዳት በመገጣጠሚያና በጡንቻ ውስጥ የሚፈሰው በዚህ ደረጃ ላይ ባሉት ልጆች ነው። በ2019 የታተመ የብዙ አገሮችን መዝገብ ያገናዘበ ጥናት እንዳሰላው፣ ከ100,000 ወንድ ልጆች መካከል 30 ያህሉ ከሁለቱ ዓይነት ሄሞፊሊያ በአንዱ ተይዘው ይወለዳሉ፤ ከእነዚህም 11 ያህሉ ጽኑ ናቸው። በዓመት ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሕፃናት በሚወለዱባት ኢትዮጵያ ይህ ስሌት በየዓመቱ ወደ 200 የሚጠጉ ጽኑ ሄሞፊሊያ ያለባቸው ወንዶች ይወለዳሉ ማለት ነው። በሕፃናት ክፍል ለሚሠራ ባለሙያ ትልቁ ጥያቄ እነዚህ ልጆች የት ነው ያሉት የሚለው ነው።

የስምንተኛው ቀን

ሕመሙን ከሐኪሞች አስቀድመው ያወቁት ገራዦችና የሃይማኖት ሊቃውንት ነበሩ። የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ እንደ ደነገጉት፣ ወንድማማች ሕፃናት በግርዘት ምክንያት ደማቸው ፈስሶ ከሞቱ ተከታዩ ልጅ እንዳይገረዝ ተፈቅዷል፤ ክርክራቸው ሁለት ልጆች ሲሞቱ ነው ወይስ ሦስት በሚለው ላይ ብቻ ነበር። በ12ኛው መቶ ዓመት የኖረውና ራሱም ሐኪም የነበረው ሙሴ ማይሞኒደስ ደግሞ ልጆቹ ከአንድ አባትም ይሁኑ ከተለያዩ አባቶች፣ እናታቸው አንድ ከሆነች ፍርዱ ያው ነው አለ። የዘር ሕግ ከመታወቁ ከሰባት መቶ ዓመታት በፊት ሕመሙ በእናት በኩል እንደሚተላለፍ የተረዳ አስተያየት ነው። በአንዳሉስ የነበረው ታላቁ ቀዶ ሐኪም አል ዘህራዊም ወደ 1000 ገደማ በጻፈው መጽሐፉ፣ ወንዶቻቸው በትንሽ ቁስል ደማቸው ፈስሶ ስለሚሞቱባቸው የአንድ መንደር ሰዎች አትቷል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፣ በአርባኛው ቀን ክርስትና ይነሣል። ሙስሊም ኢትዮጵያውያንም ወንዶች ልጆቻቸውን ይገርዛሉ፤ ዕድሜው ግን ከፍ ሊል ይችላል። ዐፄ ገላውዴዎስ በ16ኛው መቶ ዓመት በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ላይ ግርዘት በአገራቸው የሚፈጸመው እንደ አገር ልማድ እንጂ የኦሪትን ሕግ ለመጠበቅ እንዳልሆነ አስረድተዋል። ይህ ነጥብ ለታሪክ ሰዎች ብቻ የሚጠቅም ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የወንድሙን ሞት ያየች እናት ለሁለተኛው ልጇ «ግርዘቱን እናቆየው» ሲባል ከካህኑም ከሐኪሙም ጋር በአንድ ቋንቋ ለመነጋገር መሠረት ይሆናታል።

ግርዘት ሄሞፊሊያ ያለበትን ሕፃን ሁሉ አያደማም። ሳይደማ ያለፈም አለና «ሲገረዝ ደህና ነበር» መባሉ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። በዚያው ልክ፣ ከተገረዘ በኋላ ሁለትና ሦስት ቀን እየቆመ እየጀመረ የሚፈስ ደም የገራዡ ምላጭ ስሕተት ተደርጎ መታየት የለበትም። በአገራችን የሚታወቁት እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣትም በዚህ ረገድ ከግርዘት የባሰ አደጋ አላቸው። ከቆዳ ላይ የሚፈስ ደም ቢያንስ ይታያል። እንጥሉ የተቆረጠ ሕፃን ደሙን ይውጠዋል፤ ከጉሮሮውና ከምላሱ ሥር ያለው ሥጋም ደም አዝሎ ሲያብጥ የመተንፈሻውን መንገድ ይዘጋል። መጻሕፍት በሄሞፊሊያ ምክንያት የሚመጣ የአየር መንገድ መታፈንን ከብርቅ መዘዞች ሲደምሩ የሚጠቅሱት ምላሱን የነከሰ ወይም ጥርሱን የተነቀለ ልጅ ነው። እንጥል ቆራጭ ባለበት አገር ግን መዘዙ ሌላ በር አለው።

በዘመናዊ ሕክምና መድረክ ላይ ሕመሙን በውል የገለጸው የፊላዴልፊያው ሐኪም ጆን ኮንራድ ኦቶ ነው፤ በ1803 ባሳተመው ጽሑፍ ወንዶቹ እየደሙ፣ ሴቶቹ ሳይደሙ ለልጆቻቸው የሚያስተላልፉ ቤተ ሰቦችን አመለከተ። «ሄሞፊሊያ» የሚለው ስም በጽሑፍ የወጣው በ1828 ነው። ቃሉ በግሪክኛ «የደም ፍቅር» እንደ ማለት ስለሚሆን ለሕመሙ ከወጡት ስሞች ሁሉ ምናልባት የከፋው ሳይሆን አይቀርም።

ከሩሲያ የመጡ ሐኪሞች፣ በሩሲያ የቀረ ሕፃን

የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተገኘ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በዘመናቸው አቈጣጠር በ1896 ክረምት፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል የሐኪሞችና የነርሶች ቡድን በጄኔራል ሽቬዶቭ መሪነት አዲስ አበባ ደርሶ ቁስለኞችን አከመ። ቡድኑ ሲመለስም ሥራው አልተቋረጠም፤ በ1898 ከመጣው የሩሲያ የዲፕሎማቲክ መልእክተኛ ጋር ቋሚ ሆስፒታል ተቋቁሞ እስከ 1906 ሕዝቡን አገለገለ። ዐፄ ምኒልክ በ1910 ገደማ በስማቸው የሚጠራውን ሆስፒታል ያቋቋሙት ሩሲያውያኑ ትተውት በሄዱት ቦታ ላይ፣ ከአራዳ ብዙ ሳይርቅ ነው። በእነዚያ ዓመታት አራዳ የገበያው፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና የፍርድ አደባባዩ መገኛ ነበረች፤ «ፒያሳ» የሚለው ስም በጣልያን ወረራ ዘመን የመጣ ነው።

ሐኪሞቹ የመጡት በንጉሠ ነገሥት ኒኮላይ ዳግማዊ ዘመን ነው። የአዲስ አበባው የሩሲያ ሆስፒታል ሊዘጋ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በነሐሴ 1904፣ ለንጉሡ አሌክሲ የተባለ ወራሽ ልጅ ተወለደ። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ከእንብርቱ ደም ፈሰሰ፤ አልቆም አለ። የእንብርት ደም በሄሞፊሊያ ኤና ቢ ዘንድ ያልተለመደ ነው፤ ይበልጥ የሚታወቀው ፋክተር 13 በሚጐድልበት ሕመም ነው። በመሆኑም አሌክሲ የመጀመሪያ ምልክቱን ያሳየው በብርቅ መንገድ ነበር። ሕመሙ ሄሞፊሊያ ቢ መሆኑ የታወቀው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፤ በ2009 ተመራማሪዎች ከቤተ ሰቡ አጽም በወሰዱት ዘረ መል ላይ የፋክተር 9 ጉድለት አገኙ።

ሁለተኛው የአሌክሲ መዘዝ ለሐኪም ይበልጥ ትምህርት አለው። በ1912 መጸው፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ስፓላ በተባለ የአደን ማረፊያ ውስጥ በሠረገላ ሲንገጫገጭ ከቆየ በኋላ ብሽሽቱ አካባቢ ደም ፈሰሰበት። ግራ እግሩን ወደ ሆዱ አጥፎ መዘርጋት ተሳነው፤ ትኩሳቱ ጨመረ፤ ተሞተ ተብሎ የሞት ማስታወቂያ እስከ መዘጋጀት ተደረሰ። ስመ ጥር ሐኪሞች ተጠርተው ነበር፤ ከፍተው ቢያደሙት እንደሚሞት ስላወቁ ግን ቢላ አላነሡም። ልጁ ዳነ፣ እግሩም ለብዙ ጊዜ በብረት ድጋፍ ተያዘ። (የራስፑቲን ስም የገነነው በዚህ ሰሞን በላከው ቴሌግራም ነው፤ ፖለቲካውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው።)

የሐኪሞቹ አለመቁረጥ ዛሬም ለአዲስ አበባ ድንገተኛ ክፍል የሚጠቅም ውሳኔ ነው። ከወገብ አጥንት ተነሥቶ በጭን አጥንት ላይ በሚያርፈው በኢሊዮሶአስ ጡንቻ ውስጥ ደም ሲከማች ልጁ ዳሌውን አጥፎ ይተኛል፣ ብሽሽቱን ያመዋል፣ ያተኩሳል። በቀኝ በኩል ሲሆን ትርፍ አንጀት ይመስላል። በአገራችን ግን ከዚያም በላይ የሚመስለው የሶአስ መግል ነው፤ የጡንቻ መግልና የአከርካሪ ነቀርሳ በብዛት የሚታይባት አገር ናትና። መግል ነው ብሎ የሚከፍት ቀዶ ሐኪም የሚያገኘው የማይቆም ደም ነው። ልዩነቱን የሚጠቁመው የፌሞራል ነርቭ ነው፤ ደሙ ሲጫነው የጭን ፊት ይደነዝዛል፣ ጉልበት መዘርጋት ይደክማል፣ የጉልበት ሪፍሌክስ ይጠፋል። አልትራሳውንድ እስኪገኝ ድረስ በመዶሻና በጥጥ የሚደረግ ምርመራ ብዙ ሊናገር ይችላል።

መድኃኒት ቤቱና የጎደለው ነገር

ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ በአዲስ አበባ የመጀመሪያ የሆነውን፣ በትውልድ አገሩ ስም «የጆርጂያ መድኃኒት ቤት» ያለውን ቤት የከፈተው በ1910 ነው። ሜራብ ስለ አገሪቱ በፈረንሳይኛ በጻፋቸው ሦስት ቅጾች ስለ ሕመምና ስለ አገር መድኃኒትም ብዙ አስፍሯል። በ1920ዎቹ ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን የቤተ ሳይዳን ሆስፒታል አቋቋሙ፤ ይኸው ሆስፒታል በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከአብዮቱ ወዲህ የካቲት 12 ተብሎ ስድስት ኪሎ ላይ እስከ ዛሬ አለ። በዚህ ዘመን ወደ አራዳ ደሙ አልቆም ያለ ሕፃን ቢመጣ አልጋም፣ ሐኪምም፣ ፋሻም ነበር። የጎደለው በዚያን ጊዜ በየትም አገር ያልነበረ ነገር ነው።

ደም መስጠት ብቻውን መፍትሔ ሊሆን እንደሚችል ግን ቀደም ሲል ታይቷል። በ1840 ሳሙኤል ሌን የተባለ የለንደን ቀዶ ሐኪም የዓይን ሸውራራነት ቀዶ ሕክምና ካደረገለት በኋላ ለቀናት የደማን አንድ ሄሞፊሊያ ያለበትን ልጅ ደም ሰጥቶ አድኖታል። የደም ዓይነቶች የታወቁት ከዚያ 60 ዓመት ያህል ዘግይቶ በ1900 በላንድሽታይነር ምርምር በመሆኑ፣ የሌን ስኬት በከፊል ዕድል ነበር። በ1934 ማክፋርሌን የአንድ እባብ መርዝ በጣም ቀጥኖ ጥርስ በተነቀለበት ቦታ ላይ ሲደረግ ደም እንደሚያቆም አሳየ። በ1937 በቦስተን ፓቴክና ቴይለር ከመደበኛ ፕላዝማ የሄሞፊሊያን ደም የሚያረጋ ክፍል ለዩ። በ1944 በቦነስ አይረስ ፓቭሎቭስኪ የሁለት ሄሞፊሊያ ታማሚዎች ደም ሲቀላቀል አንዱ የሌላውን ጉድለት እንደሚሞላ አየ፤ ሕመሙ ሁለት ዓይነት መሆኑ የተጠረጠረው ከዚህ ነው። በ1952 በኦክስፎርድ የታተመው ጥናት ሁለተኛውን ዓይነት፣ ዛሬ ሄሞፊሊያ ቢ የሚባለውን፣ በአንድ የአምስት ዓመት ልጅ ስም ሰየመው፤ ልጁ ስቲቨን ክሪስማስ ይባላል።

በ1964 ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። በካሊፎርኒያ ጁዲት ፑል የቀዘቀዘ ፕላዝማ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ በፋክተር 8 የበለጸገ መሆኑን አስታወቀች፤ ክራዮፕረሲፒቴት የሚባለው ይህ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ፤ ማስተማሪያውም በኋላ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆነ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የደም ባንክ አገልግሎት የጀመረው በ1969 ነው፤ ኃላፊነቱ ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተዛወረው በ2012 ሲሆን ከዚያ ወዲህ አሰባሰቡ ከቤተ ዘመድ ምትክ ለጋሾች ወደ በጎ ፈቃደኞች አዘንብሏል። ከምኒልክ ሆስፒታል መቋቋም እስከ ደም ባንኩ መጀመር ወደ 60 ዓመት ይጠጋል።

ደም መኖሩም ቢሆን ስሌቱን አያቀልም። ክብደቱ 10 ኪሎ የሆነ ጽኑ ሄሞፊሊያ ኤ ያለበት ሕፃን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ቢፈስ ፋክተር 8ን ወደ መቶ በመቶ ማድረስ ይፈለጋል። በኪሎ አንድ ዩኒት ፋክተር 8 መጠኑን በ2 በመቶ ስለሚያነሣ ለልጁ 500 ዩኒት ያስፈልገዋል። አንድ ሚሊ ሊትር ፕላዝማ በግምት አንድ ዩኒት ይይዛልና ይህ ግማሽ ሊትር ፕላዝማ ማለት ነው፤ የልጁ አጠቃላይ ደም ግን ከ800 ሚሊ ሊትር ብዙ አይበልጥም። ልቡ ሳይደክም ይህን የሚሸከም ሕፃን የለም። በፕላዝማ ፋንታ ሙሉ ደም ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ፋክተር 8 በማቀዝቀዣ ውስጥ በቆየ ደም ላይ ይቀንሳልና። በክራዮፕረሲፒቴት ቢሆን ሰባት ከረጢት ያህል፣ ሩብ ሊትር ገደማ ይበቃል፤ ፋክተር 9 ግን የለበትምና ለሄሞፊሊያ ቢ አይረዳም። በፋብሪካ የተዘጋጀው ፋክተር ከሆነ 500 ዩኒቱ በአንዲት ትንሽ ስሪንጅ ይገባል። የሄሞፊሊያ ሕክምና ታሪክ በአጭሩ የዚህ መጠን መቀነስ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያ ስሪንጅ ያለ ዋጋ አልመጣም። በ1970ዎቹ የሀብታም አገሮችን ታማሚዎች ከሆስፒታል ያላቀቀው ደረቅ ፋክተር ከሺህዎች ለጋሾች ፕላዝማ ተቀላቅሎ ይሠራ ስለነበር፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤች.አይ.ቪ.ንና ሄፓታይተስ ሲን ለብዙ ሺህ ሰዎች አደረሰ። ስሙ ለሕመሙ የተሰጠው ስቲቨን ክሪስማስም በ1993 የሞተው በኤድስ ነው። በኢትዮጵያ የኤች.አይ.ቪ. የመጀመሪያ የደም ማስረጃ የተገኘው በ1984፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። የሄሞፊሊያ ሕፃናት በዚያን ጊዜ ፋክተር ባለማግኘታቸው ከዚያ ፋክተር ብክለት ተርፈዋል ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ምትኩ የሆነው ደምና ፕላዝማም የራሱ አደጋ ነበረበት፣ ብዙዎቹም ያንንም አላገኙም።

ስማቸውን የሚሠውሩ መዘዞች

ከሁሉ የሚከፋው የጭንቅላት ውስጥ ደም ነው። ከባድ ወሊድ፣ በተለይም በቫኩም ወይም በፎርሴፕስ የተደረገ ከሆነ፣ ከራስ ቅል ቆዳ ሥርም ሆነ ከአጥንቱ ውስጥ ደም ያፈሳል፤ በበለጸጉ አገሮች እንኳ ከሄሞፊሊያ ሕፃናት ከመቶ 3 እስከ 4 ያህሉ በተወለዱበት ሰሞን ይህ ይደርስባቸዋል። ከፍ ያለው ልጅ ደግሞ ከአልጋ ወድቆ ምንም ሳይሆን ይነሣና ከአንድ ቀን በኋላ ያስመልሰዋል፣ ያንቀላፋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። በዚህ ምልክት የሚመጣ ልጅ በአገራችን በመጀመሪያ የሚጠረጠርበት ማጅራት ገትር ወይም የጭንቅላት ወባ ነው፤ ጥርጣሬውም ትክክል ነው። ሆኖም የመርጋት ችግር ባለበት ልጅ አከርካሪ ላይ መርፌ ማስገባት ሁለተኛ ደም ያፈሳል። የታወቀ ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ ከሆነ ሕጉ አንድ ነው፦ ፋክተሩ ይቀድማል፣ ሲቲ ስካኑ ይከተላል። ምስሉ እስኪነሣ መጠበቅ ጊዜ ያለፈበት ጥንቃቄ ነው።

የሕፃናት መገጣጠሚያ ሲያብጥ ብዙ ወላጆች ወለምታ ነው ብለው ወደ ወጌሻ ይወስዳሉ። ወጌሻው በሌላው ልጅ ላይ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ያሻል፣ ይጎትታል፣ በመቃ አጥብቆ ያስራል። በክንድ ወይም በባት ውስጥ ደም የተከማቸበት ጡንቻ በእሥር ሲጨመቅ ደም ሥሩና ነርቩ ይታፈናሉ፤ ኮምፓርትመንት ሲንድሮም ይከተላል፣ ጣቶች ይቆለመማሉ ወይም እግሩ ይቆረጣል። ዋግምት ደግሞ ያበጠውን ደም ለማውጣት ታስቦ ሲደረግ አዲስ በር ይከፍታል። ወጌሻውን ማውገዝ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ልጁን ከማንም አስቀድሞ የሚያየው እሱ በመሆኑ፣ «ያለ መውደቅ ያበጠ ጉልበት አትንካ፣ ላከው» የሚለውን አንድ ነገር ቢያውቅ ከብዙ ስብሰባ ይበልጥ ይጠቅማል።

ሲውዶቱመር፣ በአማርኛ ሐሰተኛ ዕጢ ልንለው የምንችለው፣ በ1918 የተገለጸ መዘዝ ነው። በአጥንት ወይም በጡንቻ ውስጥ የቀረ ደም ሳይመጠጥ ከረጢት ሠርቶ ዓመት በዓመት እየሰፋ አጥንቱን ይበላል። በትልልቆች በዳሌና በጭን ላይ ሲበዛ፣ በሕፃናት በእጅና በእግር ትንንሽ አጥንቶች ላይ ይታያል፤ በጊዜ ፋክተር ካገኘም ያለ ቀዶ ሕክምና ሊመለስ ይችላል። በኤክስሬይ ላይ የአጥንት ነቀርሳ ወይም የአጥንት ካንሰር ይመስላል። ናሙና ለመውሰድ መርፌ ወይም ቢላ መንካቱ መድማትንና መመረዝን ስለሚያስከትል፣ አጥንቱ የተበላበት ማንኛውም ወንድ ልጅ ወደ ቀዶ ክፍል ከመግባቱ በፊት ስለ ግርዘቱና ስለ አጎቶቹ መጠየቅ አለበት። በአንጀት ግድግዳ ውስጥ የሚፈስ ደም አንጀት መቆላለፍን፣ የስፕሊን መቀደድም ድንገተኛ የሆድ ሕመምን መስሎ ሊመጣ እንደሚችል በዚሁ መጥቀስ ይገባል።

ሕክምናው ራሱ የሚያመጣቸው መዘዞችም አሉ። ጽኑ ሄሞፊሊያ ኤ ካለባቸው ልጆች እስከ አንድ ሦስተኛ የሚደርሱት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ የፋክተር ቀናት፣ ፋክተሩን የሚያከሽፍ ፀረ አካል፣ ኢንሂቢተር፣ ያበጃሉ። በሄሞፊሊያ ቢ ይህ ከመቶ 5 አይበልጥም፤ ሲመጣ ግን ሌላ መልክ አለው። ፋክተር 9 ሲሰጠው በአናፊላክሲስ የሚወድቅ ሕፃን አለ፤ ፀረ አካሉን ለማጥፋት ፋክተሩ በብዛት ሲደጋገምለትም ኔፍሮቲክ ሲንድሮም ይይዘዋል። በዚህ የተነሣ የሄሞፊሊያ ቢ ሕፃን የመጀመሪያዎቹን መጠኖች አድሬናሊን በተዘጋጀበት ቦታ መውሰድ ይኖርበታል፤ የት እንደሚታከም የማይታወቅ ልጅ ይህን ጥበቃ አያገኝም።

ዛሬ ያለውና የሚቀረው

ምርመራው የሚጀምረው ርካሽ በሆነ ነገር ነው። ፕላትሌቱና ፒ.ቲ. መደበኛ ሆነው ኤ.ፒ.ቲ.ቲ. ብቻ ሲረዝም ሄሞፊሊያ ይጠረጠራል፤ የልጁ ፕላዝማ ከጤነኛ ፕላዝማ ጋር እኩል ሲቀላቀል ከተስተካከለ ጉድለት ነው፣ ካልተስተካከለ ፀረ አካል ሊኖር ይችላል። ኤ.ፒ.ቲ.ቲ. በሌለበት ጣቢያ ደሙን በብርጭቆ ቱቦ ይዞ መርጊያውን መቁጠር ለመጠርጠር ያግዛል እንጂ ነጻ ለማድረግ አይበቃም፤ ትንሽ ፋክተር ያለበት ደም በቱቦ ውስጥ በመደበኛው ጊዜ ሊረጋ ይችላልና።

በጥቁር አንበሳ የሄሞፊሊያ ሕክምና ይሰጣል፤ የወላጆችና የታማሚዎች ማኅበርም አለ። በ1963 የተመሠረተው የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን በሚልከው የእርዳታ ፋክተርም ብዙ ልጆች ይታከማሉ። በ2007 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሁለት ዓመት ተኩል ያልሞላቸውን 65 ሕፃናት ለሁለት ከፍሎ፣ ሳይደሙ በፊት ፋክተር በየጊዜው የወሰዱት 93 ከመቶ የሚሆኑት መገጣጠሚያቸው በኤም.አር.አይ. ጤናማ ሲሆን፣ ሲደሙ ብቻ የወሰዱት ግን 55 ከመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ኤሚሲዙማብ ደግሞ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ፣ በሳምንት አንዴ ወይም እስከ አራት ሳምንት በሚራራቅ ጊዜ የሚወጋ፣ ኢንሂቢተር ያለባቸውንም የሄሞፊሊያ ኤ ልጆች የሚከላከል መድኃኒት ነው፤ ለሄሞፊሊያ ቢ ግን አይሠራም። ደም ሥሩ ለማይገኝ ሕፃን የቆዳ ሥር መርፌ ምን ማለት እንደሆነ በሕፃናት ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቃል።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአራዳ ብዙ የቆዩ ቤቶች በመልሶ ግንባታው ፈርሰዋል፣ የአድዋ ድል መታሰቢያም በዚያው ዓመት እዚያው ተመርቋል፤ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ታሪክ ከዚያው ጦርነት ጋር አብሮ የሚነገር ነው። የሕክምናው ጉዳይ ግን አሁን ከሆስፒታሉ ደጅ ይልቅ በጤና ጣቢያውና በጤና ኬላው ላይ ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ሕፃን ከግርዘቱ ቀጥሎ ባለሙያ በጡንቻው መርፌ የሚወጋው በስድስተኛው ሳምንት፣ የፔንታቫለንት ክትባት ሲሰጥ ነው። ጽኑ ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጭኑ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ እግሩን ማንቀሳቀስ ይጠላል። እናቱ በማግስቱ ስትመለስ «ክትባቱ ነው፣ ይለቃል» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። ስለ ግርዘቱ ከተጠየቀች፣ በእሷም በኩል ልጅ ሳይሆኑ የሞቱ ወንድሞች ወይም የአክስት ወንዶች ልጆች እንደ ነበሩ ከታወቀ፣ ያ ዕብጠት ልጁ ከመውደቁና ከመድማቱ በፊት የተገኘ የመጀመሪያ ማስረጃ ይሆናል። ቀጣዮቹ የአሥረኛውና የአሥራ አራተኛው ሳምንት ክትባቶችም ይቀጥላሉ እንጂ አይቀሩም፤ በቀጭን መርፌ ተወግተው ቦታው ለ10 ደቂቃ ሳይታሽ ተጭኖ ይያዛል፣ ልጁም ኤ.ፒ.ቲ.ቲ. ወደሚሠራበት ሆስፒታል ይላካል።